ገብስ ገብሱን ላውራችሁ

«ገብስ ገብሱን አውሪ እንጂ!» ትለኛለች ጓደኛዬ፣ ለዚህ ገጽ የምጽፈው ርእስ በጠፋኝ ቁጥር። ትርጉሙን ታውቁታላችሁ። ነገር የማያመጣውን፣ ማንንም የማያስቀይመውን፣ ቀለል ያለውን አውሪ ማለቷ ነው። እኔም «እሺ» ብዬ ዛሬ ቃል በቃል ስለ ገብስ ላወራችሁ ተነሥቻለሁ። ብቻ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ገብስ እንደሚባለው ነገር የማያመጣ እህል ሆኖ አላገኘሁትም። ቫይረስ አለበት፣ ዶላር አለበት፣ የባለቤትነት ጥያቄ አለበት፤ እኛ ቤት ደግሞ ትንሽ የቤተሰብ ኩርፊያም አለበት።

መጀመሪያ እስቲ እንተማመን። እኛ የከተማ ልጆች ገብስን እናውቀዋለን? አዛውንቶቹ «ገብስ የእህል ንጉሥ» ይላሉ። ለእኛ ግን ንጉሡ ጤፍ ነው፤ ገብስ ቢበዛ የንጉሡ ዘበኛ ቢሆን ነው። እኔ የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ጠዋት ወደ መገናኛ ለመሄድ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም ቆሎ የሚሸጡ ልጆች በስኒ እየሰፈሩ ያልፋሉ፤ ያ ገብስ ነው። የብሎካችን ወንዶች ከጂም መልስ የሚመቱት በሶ ገብስ ነው። ለበዓል የሚጠመቀው ጠላ፣ አራስ ስንጠይቅ የሚቀርብልን ገንፎ፣ ጾም ሲሆን እናቴ የምትሠራው ቅንጬ፣ ቅዳሜ ማታ ቀዝቅዞ የሚመጣው ቢራ … በአብዛኛው ገብስ ነው። እንበላዋለን፣ እንጠጣዋለን፤ «ምን በላሽ?» ስንባል ግን ስሙን አንጠራውም።

እኔም ከዚህ የተለየሁ አልነበርኩም። በጋዜጠኝነት ተመርቄ ከወጣሁ ወዲህ ቋሚ ሥራ እስካገኝ ድረስ የመጣልኝን ሁሉ እጽፋለሁ። የመድኃኒት ቤት በራሪ ወረቀት፣ የሠርግ መጽሔት መግቢያ፣ የሬዲዮ ጽሑፍ። አንድ ቀን የሦስት ደቂቃ የእርሻ ፕሮግራም ስለ ገብስ እንድጽፍ ተሰጠኝ። ሦስት ደቂቃ ለመሙላት ስቆፍር የሚከተለውን ቁጥር አገኘሁ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1963 ሻለር፣ ራስሙሰን እና ኳልሴት የሚባሉ ሦስት ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳተሙ። ከመላው ዓለም ተሰብስቦ አሜሪካ ውስጥ ከተቀመጠው የገብስ ክምችት 6,689 ናሙና ወስደው፣ ካሊፎርኒያን ያስለቀሰ አንድ የቫይረስ በሽታ የትኛው እንደሚቋቋም ፈተኑ። የተቋቋሙት 117 ብቻ ነበሩ። ከ117ቱ ውስጥ 113ቱ የመጡት ከኢትዮጵያ ነው።

እስቲ ደግማችሁ አንብቡት። ከ117ቱ 113ቱ።

ፈተና ላይ እንዲህ ያለ ውጤት ቢመጣ ፈታኙ «ተኮራርጀዋል» ብሎ ወረቀቱን ይሰርዘው ነበር። እኔም ቁጥሩን ሳየው የመጀመሪያው ስሜቴ ኩራት ነበር፤ አንገቴ ቀና አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኝ ጀመር። ስለሱ ወደ ኋላ ላይ እመጣለሁ። በሽታውን ላስተዋውቃችሁ።

በ1951 በካሊፎርኒያ የገብስ ማሳዎች ላይ እንግዳ ነገር ታየ። ገብሱ ከጫፉ ጀምሮ ቢጫ ይሆናል፣ ቁመቱ ያጥራል፣ ፍሬው ይመነምናል። ኦስዋልድና ሂውስተን የሚባሉ ተመራማሪዎች ነገሩን ሲያጠኑ ቫይረስ ሆኖ አገኙት። እንግሊዝኛ ስሙን በአማርኛ ብናጠምቀው «የገብስ ቢጫ አቀጭጭ» ልንለው እንችላለን። የገባበት ማሳ ሲታይ ቢጫ ሆኖ የቀጨጨ ስለሆነ ስሙ ልክ ነው።

ቫይረሱ በራሱ እግር የለውም። የሚያመላልሰው ገበሬዎች «ክሽክሽ» የሚሉት ደቃቃ ነፍሳት ነው፤ ያ ቅጠልና ግንድ ላይ ተጣብቆ ጭማቂ የሚመጠው። ክሽክሹ ከታመመ ተክል ሲመጥ ቫይረሱን ይጠጣል፤ ወደ ጤነኛው ተክል ሄዶ ሲወጋ ያስተላልፋል። የእኛ ሰፈር ሚኒባስ በሉት፤ ከአንዱ ፌርማታ ይጭናል፣ በሌላው ያራግፋል። ቫይረሱ የሚኖረው ቅጠሉ ያበሰለውን ምግብ ወደ ሥርና ወደ ፍሬ በሚያወርደው ቧንቧ ውስጥ ነው። ቧንቧው ሲታወክ ምግቡ ቅጠሉ ላይ ይታሰራል፣ ሥሩ ይራባል፣ ፍሬውም ይራባል። ተክሉ ገና ቡቃያ ሳለ ከተያዘ ጉዳቱ ይብሳል።

ለዚህ በሽታ ተክል የሚታከምበት መድኃኒት የለም። ገበሬው ማድረግ የሚችለው ክሽክሹን በፀረ ተባይ መግደል ነው። ይሄ ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ቢጫውን አይቶ መርጨት ከጀመረ ደግሞ ቫይረሱ አስቀድሞ ገብቷል። ስለዚህ ሳይንቲስቶቹ «ራሱ የሚቋቋም ገብስ ብናገኝስ?» አሉ። ያን ሁሉ ናሙና ያስዘራቸው ይህ ጥያቄ ነው።

መልሱም ከእኛ ደጋ የሄደ ዘር ውስጥ ተገኘ። ራስሙሰንና ሻለር በ1959 ባሳተሙት ሥራ ይህ የመቋቋም ጠባይ በአንድ ጂን እንደሚወረስ አሳይተው ጂኑን «ዋይዲ 2» ብለው ሰየሙት። ገብስ ሰባት ጥንድ ክሮሞሶም አለው፤ ይሄ ጂን ሦስተኛው ላይ ተቀምጧል። የሚገርመው አሠራሩ ነው። ቫይረሱን ከበር አያስመልሰውም። ቫይረሱ ይገባል፤ ግን እንደልቡ አይራባም፤ ተክሉም ብዙ ሳይጎዳ ያፈራል። ጠላትን ከማባረር ይልቅ አቅሙን አሳንሶ አብሮ መኖር። ይህን ጠባይ ከደጋ ገበሬ ሕይወት ጋር ላመሳስለው ፈልጌ ነበር፤ ግን የሰውን መከራ በጂን ማስጌጥ ደስ ስላላለኝ ተውኩት።

ከዚያስ? ከዚያ ማዳቀል መጣ። የኢትዮጵያውን ገብስ ከካሊፎርኒያው ጋር ያዳቅሉታል፤ ከልጆቹ ውስጥ በሽታውን የተቋቋሙትን ይመርጣሉ፤ እነሱን መልሰው ከካሊፎርኒያው ጋር ያዳቅላሉ፤ ደግሞ ይመርጣሉ። ይሄ እየተደጋገመ ሲሄድ በመጨረሻ የሚቀረው ገብስ መልኩም ምርቱም የካሊፎርኒያ ሆኖ፣ ከኢትዮጵያ የወረሰው በዋናነት ያቺን አንዲት ጂን ነው። በ1960ዎቹ ማብቂያ «ሲኤም 67» እና «አትላስ 68» የሚባሉ ዝርያዎች በዚህ መንገድ ወጡ። ስለ ዕፅዋት ሀብት በሚጽፉ መጻሕፍት ውስጥ በተደጋጋሚ የሚጠቀስ አንድ ግምት አለ፤ ይህ ከኢትዮጵያ የተገኘ ጂን በየዓመቱ 160 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣውን የካሊፎርኒያ ገብስ ከበሽታ ጠብቆታል ይላል።

ታሪኩ በካሊፎርኒያ አላበቃም። በ2004 ሌላ ቡድን፣ ይሄንኑ ቫይረስ የሚቋቋም ሌላ ጂን በስድስተኛው ክሮሞሶም ላይ አገኘ። የተገኘው ኤል 94 በሚባል ገብስ ውስጥ ነው። ኤል 94 የማን አገር ገብስ ነው? ገምታችኋል። በ2018 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ለንብ አደገኛ ናቸው ያላቸውን ሦስት የፀረ ተባይ ኬሚካሎች ከደጅ እርሻ አገደ። የአውሮፓ ገበሬዎች የገብስ ዘራቸውን ከክሽክሽ የሚጠብቁት በነዚህ ዓይነት ኬሚካሎች እያሸ ሲዘሩ ነበር። ኬሚካሉ ሲቀር የጂኑ ተፈላጊነት ጨመረ። እንግሊዝ ውስጥ «ራፋኤላ» ተብሎ ለገበያ የቀረበው ገብስ የያዘው ያንኑ ዋይዲ 2ን ነው። ዘመዳችን ስሟን ቀይራ ሎንዶን ገብታለች ማለት ነው።

ቫይረስ ባይሆንም የሻጋታውን ታሪክ ካልነገርኳችሁ ደግሞ ይቀርብኛል። በ1937 እና በ1938፣ አገራችን በጣሊያን ተይዛ በነበረችበት ጊዜ፣ የጀርመን ዘር ሰብሳቢዎች እዚህ መጥተው ገብስ ሰብስበዋል። ከዚያ ክምችት በኋላ ላይ ዱቄት መሳይ ሻጋታን የሚቋቋም «ኤምኤልኦ» የሚባል ጂን ተገኘ፤ ዛሬ ብዙ የአውሮፓ ገብስ ዝርያዎች ይህንን ይዘው ነው የሚዘሩት። የአውሮፓ ቢራ ስትጠጡ «ለጤናችን» ከማለታችሁ በፊት «ለሰብልሽ ጤና» ብትሉ ያምርባችኋል።

አሁን ወደ ቆረቆረኝ ነገር ልምጣ።

ታሪኩን ለጓደኞቼ ስነግራቸው የሁሉም መልስ አንድ ነው። «ተዘረፍን!» እውነቴን ነው፣ አንዷ ማኪያቶዋን እስክትደፋ ድረስ ነው የተናደደችው። እኔ ግን «ተዘረፍን» የሚለው ቃል አልተዋጠልኝም። ለምን መሰላችሁ? አሜሪካዊው ሃሪ ሃርላን በ1923 መጥቶ ገብስ ሲሰበስብ፣ ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 መጥቶ ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቶ አገሩን ሲዞር፣ በዘመኑ ዘር እንደ አየር የማንም እንዳልሆነ ነገር ነበር የሚታየው። ሕግ አልጣሱም፤ ሕጉ አልነበረም። (ቫቪሎቭ የዓለምን ዘር ሲሰበስብ ኖሮ በ1943 በስታሊን እስር ቤት ውስጥ ነው የሞተው። ይህን ሳነብ ንዴቴ ሁሉ በረደ።) ዘር የአገር ሀብት ነው የሚለው ስምምነት የመጣው በ1992 ነው፤ ያለፈውንም ወደ ኋላ ሄዶ አይዳኝም።

ደግሞስ እኛ ከሰው አልወሰድንም? በርበሬውም፣ ድንቹም፣ በቆሎውም ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው፤ ለፔሩ ገበሬ ማኅበር ለድንች ቀይ ወጥ የከፈለ ሐበሻ አላውቅም። ወደ ሰፈሬ ብመጣ ደግሞ፣ ከየካ አባዶ ብዙም በማይርቀው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በ2021 ሱፍሌ የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ የብቅል ፋብሪካ ከፍቷል። አርሲና ሌሎች ደጋዎች ላይ ለብቅል ከሚዘሩት ገብሶች ውስጥ «ትራቭለር» እና «ግሬስ» የሚባሉ ከአውሮፓ የመጡ ዝርያዎች አሉ። ዘር ይሄዳል፣ ዘር ይመጣል። ዘር ባይንቀሳቀስ ሁላችንም በርሃብ እናልቅ ነበር።

ታዲያ ምንድን ነው የቆረቆረኝ? ትምህርት ቤት ሲያስተምሩን አንድ ዜና አምስት ጥያቄ መመለስ አለበት ተብለናል፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን። ይህን ታሪክ በዚህ ስመዝነው ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን ተሟልቷል። «ማን» ላይ ስደርስ ግን ጂኑን ያገኙት ስማቸው አለ፤ ያዳቀሉት ስማቸው አለ፤ ዘሩን የሰበሰቡት ስማቸው አለ። ዘሩ ራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ዘሩን ከጎታዋ ዘግና የሰጠችው ሴትዮ ግን የለችም። የማሳው ባለቤት የለም። «ከኢትዮጵያ» ተብሎ ታልፏል። ኢትዮጵያ ደግሞ ገብስ አትዘራም፤ ሰው ነው የሚዘራው።

«ታዲያ እነሱ ስለ ቫይረስ ምን ያውቁ ነበር?» ትሉኝ ይሆናል። ስለ ቫይረስ አያውቁም ነበር፤ ስለ ገብስ ግን ያውቁ ነበር። ሴት አያቴ ሰሜን ሸዋ ነበር የምትኖረው። መኸር ሳይታጨድ ማሳው ውስጥ ገብታ ዛላው የሞላውን፣ አገዳው ያልወደቀውን፣ ቅጠሉ ያላረረውን ለይታ ትቆርጣለች። ነዶውን ከምድጃው በላይ ጭሱ ላይ ትሰቅለዋለች፤ ነቀዝ እንዳይበላው። ያ ለከርሞ ዘር ነው፤ ልጅ ቢርበው እንኳ አይነካም። በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት በየሸንተረሩ እንዲህ ሲመረጥ፣ ቫይረሱ ያቀጨጨው ለዘር አልተመረጠም፤ የተቋቋመው ተመረጠ። ዋይዲ 2ን የፈጠራት ተፈጥሮ ናት፤ ጠብቆ ያቆያት ግን የሴቶች ዓይንና የጓዳ ጭስ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የድሮው ገበሬ አንድ ዓይነት ገብስ ብቻ አይዘራም ነበር። ለቆሎ የሚሆነው ሰነፍ ገብስ፣ ለጠላ የሚሆነው ጥቁር ገብስ፣ ለበልግ የሚደርሰው፣ ውርጭ የሚችለው። ሰመሬታ፣ ማውጌ፣ ባለሜ … እያንዳንዱ ስም አለው፣ ሥራ አለው። አንዱ ማሳ ውስጥ የተቀላቀለ ዘር ሲኖር በሽታ ሲመጣ ሁሉም አብሮ አይወድቅም። ሳይንቲስቶቹ ከመቶ በላይ የሚቋቋም ናሙና ያገኙት በዚህ ብዝኃነት ምክንያት ነው።

ይህን ቀድመው የተረዱ ሰዎች አገራችን ውስጥ ነበሩ። በ1976 የዕፅዋት ጄኔቲክ ሀብት ማዕከል በጀርመን ድጋፍ ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የምንለው ነው። መቀመጫው የካ ክፍለ ከተማ ነው፤ የኛ ሰፈር ወደ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ባይዛወር ኖሮ ጎረቤታሞች ነን ብዬ በኮራሁ ነበር። እዚያ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ከ15 ሺህ በላይ የገብስ ናሙና ተቀምጧል። ማዕከሉን ከ1979 ጀምሮ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ዘመን ገበሬው የዘር እህሉን ሊበላ በተገደደበት ጊዜ የአገር ዘር እንዳይጠፋ የደከሙ ሰው ናቸው። ዘር ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ገበሬው ማሳ ላይ እየተዘራ መኖር አለበት ብለው ሠሩ፤ በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። የጤፍ ባለቤትነት ፈቃድ ጉዳይ የሁላችንንም ደም ሲያፈላ ከርሞ ሄግ ያለው ፍርድ ቤት በ2018 ማብቂያ ላይ ውድቅ ያደረገውን ታስታውሳላችሁ፤ እኚህን ሰው ግን ስንቶቻችን እናውቃቸዋለን?

ሕግም ወጥቷል። በ2006 «የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትና የማኅበረሰብ መብቶች» የሚል ስሙ ትንፋሽ የሚያሳጥር አዋጅ ታወጀ። ዘር ወስዶ የሚጠቀም ፈቃድ ይጠይቅ፣ ጥቅሙንም ከጠባቂው ማኅበረሰብ ጋር ይካፈል ይላል። ጥሩ ነው። ገብስ ግን አገሮች ለምርምርና ለማዳቀል በጋራ እንለዋወጣቸዋለን ብለው በ2001 በተስማሙበት የሰብሎች ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ጤፍ የለም። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ስለዚህ ገብስ ላይ «አትንኩብን» ማለቱ ብዙም አያስኬድም። መንገዱ ሌላ ነው፤ ዘሩን የሚጠብቀው ገበሬ ሲጠብቅ የሚያገኘው ነገር ይኑር። ጥያቄው እዚህ ላይ ወርዶ እኛ ቤት ገባ።

ስለ ኩርፊያው ልንገራችሁ ብዬ ነበር። አያቴ ካረፈች በኋላ ማሳውን የሚያርሰው የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። በየዓመቱ አንድ ኩንታል የማይሞላ ገብስ ጭኖ ይልክልናል፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክመን እንወጣለን። በፊት የሚልከው ጥቁር ከነጭ የተደባለቀ፣ የአያቴ ዘር የነበረ ነው። እናቴ ከሱ የምታዘጋጀው በሶ ሽታው ደረጃው ላይ ያስቆማል። የዘንድሮው ግን ነጭ፣ ወፍራም፣ ሁሉም እኩል የሆነ ገብስ ነው። የብቅል ገብስ። እናቴ ዘግና አየችው፣ መልሳ ጆንያው ውስጥ ጣለችው፣ ምንም አልተናገረችም። እናቴ ዝም ስትል ነው የሚያስፈራው።

እኔ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ የእማማ ገብስ የት ሄደ?»

«የቱ? ጥቁሩ? አቆምኩ እኮ፣ የኔ ልጅ።»

«ለምን?»

«ጥቁሩን ገበያ ብወስደው ማን ያነሣዋል? ይሄኛውን ለፋብሪካ ይረከቡኛል። ማዳበሪያው የስንት ገባ መሰለሽ? ልጆቹስ ደብተር አይፈልጉም? አንቺ በሶው ጣመኝ አልጣመኝ ትያለሽ …»

«አይ፣ ስለ በሶው አይደለም ጋሼ …» ብዬ ስለ ካሊፎርኒያ፣ ስለ 113ቱ፣ ስለ 160 ሚሊዮኑ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ እንዲህ አለ፤ «ታዲያ ያን ያህል ውድ ከሆነ፣ እኔ እየዘራሁ ስጠብቅላቸው ማን ምን ከፈለኝ?»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። እስቲ እናንተ መልሱለት። አጎቴን «ቅርስ ጠብቅ» ማለት ለኔ ቀላል ነው፤ እኔ የምኖረው ትናንት የገበሬ ማሳ በነበረ መሬት ላይ በተሠራ ፎቅ ውስጥ ነው። እዚህ የካ አባዶ ብሎኮቹ ከመተከላቸው በፊት ሰው ያርስ ነበር። የማን ማሳ ላይ ተኝቼ እንደማድር፣ ያ ማሳ ምን ዓይነት ዘር ያበቅል እንደነበር የሚነግረኝ ሰነድ የለም። «ማን» እዚህም ይጎድላል። በእኛ ፎቅ፣ በፋብሪካው ገብስ፣ በባሕር ዛፉና በስንዴው መሃል ያ የተደባለቀው ማሳ በየዓመቱ ይጠባል። ያንን የምናደርገው ክፉዎች ስለሆንን አይደለም፤ ሁላችንም ቤትና ደብተር ስለምንፈልግ ነው።

ግን የሚመጣውም በሽታ አለ። ቫይረሱ እኛም አገር አለ፤ ክሽክሹም አለ። ዋይዲ 2 ሁሉንም የቫይረሱን ዓይነት አትችልም፤ አንዳንዶቹ ያልፏታል። ዓለም ነገ ሌላ ጂን ይፈልጋል፤ እኛም እንፈልጋለን። ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ያለው ዘር ክረምትና በጋ አይፈራረቅበትም፤ ክሽክሽ አይወጋውም። እንደ ፎቶ ነው፤ በተነሣበት ቀን መልክ ይቀራል። ማሳ ላይ ያለው ግን በየዓመቱ ከበሽታው ጋር እየታገለ ይለወጣል። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ማሳው ላይ የሚያቆየው ሰው ደግሞ ደመወዝ የለውም።

የሚቻል መሆኑን ያሳዩ ቦታዎች አሉ። በምሥራቅ ሸዋ ኤጀሬ የሚባል ቦታ ገበሬዎች የራሳቸውን የማኅበረሰብ የዘር ባንክ አቋቁመው የአገር ዱረም ስንዴ ዘር ይበደሩበታል፣ በመኸር ይመልሱበታል። እኛ የከተማ ሰዎች ደግሞ ቢያንስ ገበያ መሆን እንችላለን። አንድ የበሶ ሻጭ «ይሄ የጥቁር ገብስ በሶ ነው» ብላ ትንሽ አስጨምራ ብትሸጥና እኛም ብንገዛት፣ ለአጎቴ ጥያቄ የመልሱ ጅማሬ ይሆናል። ጤፍን «የማኛ ነው? የሠርገኛ ነው?» እያልን በዓይነቱ የምንገዛ ሕዝብ፣ ገብስ ላይ ሲደርስ «ገብስ ስጪኝ» ብቻ ማለታችን ነው የሚገርመው። ስሙን ካልጠየቅነው ለምን ብሎ በስሙ ይዘራልናል?

የሦስት ደቂቃው የሬዲዮ ጽሑፍ ተነብቦ አልፏል። 113ቱ ተጠቅሷል፤ ስለ አያቴ ዓይነት ሴቶች የጻፍኩት ሁለት ዓረፍተ ነገር ግን ለጊዜ ተብሎ ተቆርጧል። ለዚህ ነው እዚህ የጻፍኩት፤ እዚህ ደቂቃ የሚቆጥርብኝ የለም።

ባለፈው ሳምንት አጎቴ ራሱ ደወለ። ኩርፊያው እንዳይከርም ፈርቶ ይመስለኛል። ከወንዙ ማዶ ያሉ አንዲት መበለት አሁንም ጥቁሩን ከእርሻቸው ጥግ ላይ እንደሚዘሩት ነገረኝ። ለጠላ ነው የሚዘሩት፤ ጠላ ሸጠው ነው የሚኖሩት። «አንድ ቁና በአንድ ቁና ይለውጡኛል፤ ከወንዝ ማዶ የመጣ ዘር ደግሞ ይበጃል ይባላል» አለኝ። ስንት መሬት ላይ ሊዘራው እንዳሰበ ጠየቅሁት። «ከጓሮ፤ ከዚያ በላይ አትጠይቂኝ» አለ።

የጓሮው ይበቃኛል። አንድ ነገር ግን አደራ አልኩት፤ ሲለውጥ የሴትዮዋን ሙሉ ስም ከነአባታቸው ጽፎ እንዲይዝልኝ። «ለምንሽ ነው?» አለ እየሳቀ።

ቸር እንሰንብት።